የድግምት ዋጋ፦ አስማት በሚና ጨዋታ ሕግ ሲመዘን

በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄድ የሚና ጨዋታ አስማት ከሁሉ አስቀድሞ የሒሳብ ጉዳይ ነው። አራት አምስት ሰዎች ተቀምጠው እያንዳንዳቸው አንድ ገፀ ባሕርይ ይይዛሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ግን የጨዋታው መሪ ሆኖ ዓለሙን፣ ጠላቱን፣ መንደርተኛውንና የአየሩን ጠባይ ሳይቀር ይተርካል። ተጫዋቹ «በሩን እሰብራለሁ» ሲል ውጤቱን ዳይስ ይወስናል፤ የክንድ ጉልበት እስከ ምን እንደሚደርስ ሁሉም በልምዱ ስለሚያውቀው ክርክር አይነሳም። «በሩን በድግምት እከፍታለሁ» ሲል ግን ልምድ አይረዳም። ድግምት ምን ማድረግ እንደሚችል፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደገም፣ ቢከሽፍ ምን እንደሚያመጣ በልምድ የሚያውቅ ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ የለም። መናገር ያለበት ሕጉ ነው። አንዱን የጨዋታ መጽሐፍ ከሌላው የሚለየውም በአብዛኛው እዚህ ላይ የሰጠው መልስ ነው።

መልሶቹን ለማነጻጸር እያንዳንዱ አስማት የሚሠራውን ተአምር መዘርዘር ብዙም አይጠቅምም። እሳት መወርወር፣ መሰወርና መብረር በሁሉም ዘንድ አለ። ልዩነቱ ያለው በዋጋው ላይ ነው፦ ዋጋውን ማን ይከፍላል? መቼ ይከፍላል? አልከፍልም ማለትስ ይችላል? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው መልስ የተወሰደው ከልብ ወለድ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ ሲያወጡ የአስማቱን ሕግ የቀዱት ከአሜሪካዊው ደራሲ ከጃክ ቫንስ ነበር። ቫንስ በ1950 ባሳተመው «ዘ ዳይንግ ኧርዝ» ድግምት አእምሮን የሚያጨናንቅ ከባድ ሸክም ነው፤ ቱርጃን የተባለው አስማተኛ በአንድ ጊዜ ከአራት በላይ መያዝ አይችልም፤ የደገመውም ወዲያው ከአእምሮው ይጠፋል። በጨዋታውም አስማተኛው ጠዋት መጽሐፉን ገልጦ የዕለቱን ድግምት ይይዛል፤ የተጠቀመበትን እስከ ማግስቱ አያገኘውም። ጀማሪ አስማተኛ በቀን የነበረው አንድ ድግምት ብቻ ነበር። መንገደኛ ስንቁን ከቤቱ ቋጥሮ እንደሚወጣ ሁሉ እዚህም ዋጋው የሚከፈለው ገና ከመነሻው ነው። ማታ የተዘጋ በር ቢያጋጥምና ጠዋት የተያዘው የእሳት ድግምት ቢሆን፣ በሩን ማቃጠል ካልሆነ ሌላ መንገድ የለም። በዚህ ሕግ የሚፈተነው ከተጫዋቹ ድፍረት ይልቅ አስቀድሞ የማሰብ ችሎታው ነው።

ሕጉ ከዚያ ወዲህ በየእትሙ ሲላላ ኖሯል። በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም የሚዘጋጁት ድግምቶች ዝርዝር ለብቻው፣ የሚደገምበት ኮታ ለብቻው ሆነ፤ አስማተኛው ካዘጋጃቸው መካከል የፈለገውን በፈለገው ሰዓት ይደግማል፤ የሚያቆመው ኮታው ሲያልቅ ነው። የደረጃ 1 አስማተኛ ሁለት፣ የደረጃ 5 ዘጠኝ፣ የደረጃ 20 ደግሞ 22 ኮታ አለው። ትንንሾቹ ድግምቶች ጭራሽ ገደብ የላቸውም። ጨዋታው ቀለለ፤ የጠዋቱ ምርጫ ግን ያን ያህል የሚያስጨንቅ መሆኑ ቀረ። በምትኩ ገደቡ በሌላ በር ገባ፤ እሱም ትኩረት ነው። ውለው የሚያድሩ አብዛኞቹ ድግምቶች ትኩረት ይጠይቃሉ፤ አስማተኛው እንዲህ ያለ ድግምት በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ መያዝ አይፈቀድለትም። ጉዳት ሲደርስበትም ትኩረቱ እንዳይበተን ዳይስ ይጥላል፤ ማለፊያው 10 ወይም የጉዳቱ ግማሽ ነው፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። ከኮታው ሰንጠረዥ ሁሉ ይልቅ አስማተኛውን በእርግጥ የምትገታው ይህች አጭር ሕግ ናት።

ሁለተኛው መልስ ዋጋውን ወደ ሰውነት ያዞረዋል። ኬን ሴንት አንድሬ በ1975 ባወጣው «ተነልስ ኤንድ ትሮልስ» ድግምት የሚቀነሰው ከጉልበት ነጥብ ላይ ነው፤ አስማተኛው በደገመ ቁጥር ክንዱ ይዝላል፤ ካረፈ ይመለስለታል። በ1978 የወጣው «ሩንክዌስት» ይህንኑ ወደ ነፍስ ኃይል ነጥብ ለወጠውና አስማትን ከጥቂት ሊቃውንት እጅ አወጣው፤ ተራው ወታደር እንኳ ሰይፉን የሚስልበት ትንሽ ድግምት አለው። የነጥብ ሥርዓት ለማስተማር ቀላል ነው፤ ጉድለቱም ከቅለቱ ይመነጫል። 12 ነጥብ ያለው ተጫዋች በጀት ይዟል ማለት ነው፤ በጀት ደግሞ አያስፈራም። በ1981 የወጣው «ኮል ኦቭ ክቱሉ» ይህን ጉድለት ያስወገደው ሒሳቡን ሳይነካ፣ የሚቀነሰውን ነገር ብቻ በመለወጥ ነው፦ ድግምት የሚደግም ሰው የአእምሮ ጤናውን ነጥብ ያጣል፤ ያ ነጥብ ደግሞ አንድ ሌሊት በመተኛት አይመለስም። የሚቀነሰው ቁጥር ያው ቁጥር ሆኖ ሳለ፣ የማይተካ መሆኑ ብቻ ተጫዋቹን እጁን እንዲሰበስብ ያደርገዋል።

ሦስተኛው መልስ ዋጋውን ለዕድል ይተወዋል። በ2012 የወጣው «ደንጀን ወርልድ» ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይሶች ያስጥላል፤ ድምሩ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ድግምቱ ያለ እንከን ይሠራል፤ ከ7 እስከ 9 ከሆነ ይሠራል፣ ግን መዘዝ አለው፤ 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጣጣውን የጨዋታው መሪ ያመጣል። ምንም ጭማሪ የሌለው ተጫዋች ከ36 አጋጣሚዎች ንጹሕ ስኬት የሚያገኘው በ6ቱ ብቻ ነው፤ በ15ቱ መዘዝ ያለበት ስኬት፣ በ15ቱ ደግሞ ውድቀት ይገጥመዋል። በድምሩ ላይ 2 ሲጨመርለት ንጹሕ ስኬቱ 15፣ ውድቀቱ 6 ይሆንና ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ የመካከሉ 15 ግን አይነቃነቅም። በዚህ ሥርዓት አስማተኛው ቢበረታም ቢደክም መዘዙ አይለቀውም።

ከዳይስ ሕጎች ሁሉ በብልኃት የሚበልጠው ግን በ2005 የወጣው የ«ዋርሐመር» ሁለተኛ እትም ነው። አስማተኛው በችሎታው ልክ እስከ አራት ባለ አሥር ገጽ ዳይስ ይጥላል፤ ድምሩ የድግምቱን ማለፊያ ቁጥር ከደረሰ ድግምቱ ይሠራል። ሆኖም በዳይሶቹ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ከተደገመ ከወዲያኛው ዓለም ያልተጠራ ነገር ይመጣል፤ ሁለቴ ከሆነ ትንሽ፣ ሦስቴ ከሆነ ትልቅ፣ አራቴ ከሆነ ደግሞ አጥፊ ነው። በሁለት ዳይስ ቁጥር የመደገሙ ዕድል 10 ከመቶ ነው፤ በሦስት 28 ይሆናል፤ በአራት ወደ 50 ይጠጋል። ስንት ዳይስ እንደሚጥል የሚወስነው ራሱ ተጫዋቹ ነውና ፈተናው በእጁ ነው። ሊቁ ከጀማሪው ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠበት ጨዋታ ከዚህ በቀር ብዙ አይገኝም።

አራተኛው መልስ ድግምትን ከዝርዝር አውጥቶ ሰዋስው ያደርገዋል። ጆናታን ትዊትና ማርክ ሬን ሄገን በ1987 ያወጡት «አርስ ማጂካ» አምስት ግሦችና አሥር ስሞች አሉት፤ ሁሉም ላቲን ናቸው። ግሦቹ መፍጠር፣ ማወቅ፣ መለወጥ፣ ማጥፋትና መግዛት ሲሆኑ ስሞቹ እሳት፣ ውሃ፣ አየር፣ ምድር፣ የሰው አካል፣ እንስሳ፣ ተክል፣ ምስል፣ አእምሮና ራሱ የአስማት ኃይል ናቸው። ከ15 ቃላት 50 ጥንዶች ይወጣሉ፤ ተጫዋቹም በእነዚህ ያሻውን ድግምት ይገነባል። በአምስተኛው እትም ድግምቱን በቦታው የሚፈጥር ሰው ራሱን እያደከመ ከሠራ የችሎታው ድምር ለሁለት፣ ሳይደክም ከሠራ ለአምስት ይካፈላል። ዓመታት አጥንቶ ያዘጋጀው ድግምት ግን እንዲህ አይቆራረጥበትም። ነፃነት የሚቀረጥበት፣ ትምህርት የሚሸለምበት ሥርዓት ነው፤ የቅኔ ቤትን ሥርዓት ለሚያውቅ አንባቢ መንፈሱ እንግዳ አይሆንም።

በኢትዮጵያ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሰጡ ልማዶች ከጨዋታዎቹ እጅግ የቀደሙ ናቸው። ለብዙዎች የእምነትና የፍርሃት ጉዳይ እንጂ መጫወቻ አይደሉም፤ ቤተ ክርስቲያንም ስታወግዛቸው ኖራለች፤ ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ«መጽሐፈ ብርሃን» ጠንቋይንና አስማተኛን አጥብቀው ኮንነዋል። እዚህ የሚታየው አወቃቀራቸው ብቻ ነው፤ ይሠራሉ ወይስ አይሠሩም የሚለው ሌላ ጉባኤ የሚፈልግ ነገር ነው።

ክታብን በጨዋታ ዓይን የመረመረ ሰው ዋጋው ሁሉ አስቀድሞ የተከፈለበት ዕቃ ያገኛል። በግ ወይም ፍየል ይታረዳል፤ ቆዳው ተፍቆ ብራና ይሆናል፤ ደብተራው ጸሎቱን በጥቁር፣ የባለቤቱን የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ይጽፋል፤ በመካከሉ ዓይኖች፣ ፊቶችና ባለ ስምንት ጫፍ ኮከቦች ይሣላሉ። የቅዱስ ሱስንዮስና የውርዝልያ ታሪክ፣ መርበብተ ሰሎሞን፣ ስለ ባርያና ሌጌዎን፣ ስለ ዓይነ ጥላና ሾተላይ የሚነበቡ ጸሎቶች ይገኙበታል። ፈረንሳዊው ዣክ መርሲዬ በ1979 ባሳተመው ጥናት ያስተዋወቃቸው እነዚህ ጥቅሎች አንዳንዶቹ ርዝመታቸው የባለቤቱን ቁመት ያህላል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቁ ነው። በ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የድግምት ጥቅል አንዴ ሲነበብ ፊደሉ ይጠፋል፤ በማንም አስማተኛ እጅ ግን ይሠራል። የክታብ ሕግ ተቃራኒው ነው፤ ዕድሜ ልክ ይሠራል፣ ግን ለአንድ ሰው ብቻ። የሚለካው በኮታ አይደለም፤ በአንድ ገላና በአንድ ስም ነው። ልማዱ ይህን ሕግ ማለፊያ ቀዳዳም አላጣም፤ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የገባባቸው ጥቅሎች አሉ። ጨዋታ ለሚደርስ ሰው ይህ ብቻ የአንድ ምሽት ታሪክ ይወጣዋል።

አውደ ነገሥት ደግሞ ዳይስ የሌለበት ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፤ የጠያቂውና የእናቱ ስም ተደምሮ በ12 ሲገደፍ ቀሪው ከ12ቱ ኮከቦች አንዱን ይሰጣል፦ ሐመል፣ ሠውር፣ ጀውዛ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት። ስሞቹ ከዐረብኛ የመጡ መሆናቸው በግልጽ ይታያል። ኮከቦቹ በእሳት፣ በመሬት፣ በነፋስና በውሃ ተመድበው የማን ጠባይ ከማን ጋር እንደሚስማማ ይነበብባቸዋል። መጽሐፉ ታትሞ በየአዟሪው እጅ ስለሚገኝ ዕውቀቱ ምስጢር አይደለም፤ ሒሳቡንም መደመርና ማካፈል የሚችል ሁሉ ይሠራዋል። ዳይስ ካልቀናው እንደገና ሊጣል ይችላል፤ እዚህ ግን ስም እስካልተለወጠ ድረስ መልሱ ነገም ያው ነው። የሥርዓቱ ጥንካሬ የሚመጣው ከዚህ ነው። መልሱ የማይለወጥ ከሆነ የሚጠበቀው ጥያቄው ነው፤ ማለትም ስሙ። ብዙ ሰው የክርስትና ስሙን ለባዕድ የማይናገረው፣ የእናቱንም ስም የሚሸሽገው ስም ያገኘ ድግምት ያገኛል ከሚል ሥጋት ነው።

የጨዋታ ደራሲዎች ይህንኑ ሐሳብ ሞክረው ተሰናክለዋል። በ2006 የወጣው «ቶም ኦቭ ማጂክ» የተባለ የ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ተጨማሪ መጽሐፍ እውነተኛ ስም በመጥራት የሚሠራ አስማተኛ አቀረበ። ማለፊያ ቁጥሩ 15 ሲደመር የባላንጣው ደረጃ እጥፍ ነበር፤ የአስማተኛው ችሎታ ግን በየደረጃው በአንድ ብቻ ያድጋል። ስለዚህ ደረጃው ከፍ ባለና እኩዮቹን በገጠመ ቁጥር ድግምቱ የመሥራት ዕድሉ እየቀነሰ ሄደ፤ ልቆ መማር ኪሳራ ሆነ። ስህተቱ ከቁጥሩ በፊት ይጀምራል። ስም ወይ ይታወቃል ወይ አይታወቅም፤ የዳይስ ጉዳይ አይደለም። አውደ ነገሥትን የሚከተል ሕግ ቢሆን ኖሮ ዳይሱ የሚጣለው ስሙን ለማግኘት በሚደረገው ፍለጋ ላይ፣ ማለትም በልደቱ ድግስ፣ በንስሐ አባቱ ደጅና በጎረቤት ወሬ መካከል በሆነ ነበር።

ዛር ከሁሉ የሚለየው ዋጋውን የሚጠይቀው ሌላ አካል በመሆኑ ነው። ዛር የራሱ ስም፣ ወገን፣ ፆታና ምርጫ አለው፤ የያዘው ሰው ፈረሱ ይባላል፤ ሲመጣ በጉሪ ያንቀጠቅጠዋል፣ በአንደበቱም ይፎክራል። የሚፈልገውን ልብስ፣ ሽቶ፣ ቡና፣ በቀለም የተመረጠ ዶሮ ጭዳ ካላገኘ ፈረሱን ያሳምማል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ከዳካር እስከ ጂቡቲ በተጓዘው የጥናት ቡድን ውስጥ ሆኖ በ1932 ጎንደር ውስጥ የመልካም አየሁን የዛር ቤት ለወራት ተከታትሏል፤ በ1958 ባሳተመው መጽሐፉም በዛር ሥርዓት ውስጥ በኑሮ የሚሆነው ትያትርና ለታይታ የሚቀርበው ትያትር እንዴት እንደሚገናኙ መርምሯል። ሰው ሌላ አካል ሆኖ ሲናገር የት ድረስ ራሱ ነው የሚለው የሌሪስ ጥያቄ የሚና ጨዋታም የተመሠረተበት ጥያቄ ነው፤ ከ1974 በፊት መነሣቱ ብቻ ሊያስገርም ይችላል።

በሕግ ረገድ ሲታይ በ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» አምስተኛ እትም ውስጥ ከኃያል መንፈስ ጋር ቃል የገባው «ዋርሎክ» ከዛር ፈረስ እጅግ የቀለለ ኑሮ አለው። ከደረጃ 2 እስከ 10 ድረስ ሁለት ኮታ ብቻ ይዞ በአንድ ሰዓት ዕረፍት ሁለቱንም መልሶ ያገኛል፤ ኃይል የሰጠው መንፈስ ግን ግብሩን መቼና እንዴት እንደሚጠይቅ ሕጉ ዝም ይላል። ውል ተብሎ ዕዳ የሌለበት ነው። በ2012 የወጣው «ደንጀን ክሮል ክላሲክስ» ወደ ዛር ይቀርባል፤ አስማተኛው ደጋፊውን በጠራ ቁጥር ውለታ ይከማችበታል፤ ባለ 20 ገጽ ዳይሱ ላይ 1 ከወጣ ገላው ሊበላሽ ወይም የመንፈሱ ምልክት ሊያርፍበት ይችላል። በ1998 የወጣው «አንኖውን አርሚስ» ደግሞ ለአስማተኛው ነውር ይደነግጋል፤ ነውሩን ከጣሰ ያጠራቀመውን ኃይል በሙሉ በአንድ ጊዜ ያጣል። የዛር ልማድ ሁለቱንም አጣምሮ ይዟል፤ ግብሩ በየጊዜው ይመለሳል፤ ፈረሱ የማይበላውና የማይነካውም ነገር ይኖራል። ደግሞም ከላይ ለተነሣው ለሦስተኛው ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ ይሰጣል፦ ፈረሱ አልከፍልም ማለት አይችልም፤ ውሉን መጀመሪያም አልመረጠውምና።

የምዕራቡ ጨዋታዎች ብዙም ያልነኩት ዋጋ የቦታና የቀን ዋጋ ነው። ከአዳማ ተነሥቶ በስምጥ ሸለቆው ወደ ደቡብም ሆነ ወደ ቢሾፍቱ ለሚሄድ ሰው ቦታ ሁሉ እኩል አይደለም። ከከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ የሶደሬ ፍል ውሃ አለ። በስተምዕራብ በዝቋላ አናት፣ በእሳተ ገሞራው አፍ ላይ የተኛው ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ይገኛሉ። በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ የእሬቻ ምስጋና ይደርሳል። በዝዋይ ሐይቅ በቱሉ ጉዶ ደሴት ያለችው የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም በዮዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ መጻሕፍትን እንዳስጠለለች ይተረካል። በአርሲ ፈረቀሳ፣ በ1929 ያረፉት የሲቲ ሞሚና ደጅ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስለት ይዞ የሚሄድበት ነው። ማንኛውንም ልመና በማንኛውም ቀን የትም ማድረስ የሚባል ነገር በዚህ ምድር ልማድ ውስጥ የለም፤ ሰው ጊዜውን ጠብቆ፣ መንገዱን ሄዶ ይደርሳል።

በ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» አምስተኛ እትም ግን አስማተኛ ዋሻ ውስጥም ቤተ መቅደስ ውስጥም ያው ኮታ አለው። ቦታን በቁጥር ያስገባው «አርስ ማጂካ» ነው፤ በአስማት መንፈስ የታወቀ ስፍራ ለጠንቋዩ ይጨምርለታል፣ የተቀደሰ ስፍራ ደግሞ አብዝቶ ይቀንስበታል። ይህን ወደ ስምጥ ሸለቆው ካርታ ማምጣት ቀላል ነው። ጥንቃቄ የሚሻው እውነተኛውን ደብር፣ መካነ መቃብር ወይም መልካ በነጥብ መተመን ነው፤ የአማኙን ክብር የሚጠብቅ ደራሲ ቦታዎቹን በልብ ወለድ ስም ይተካቸዋል፣ የሚወስደውም ሕጉን ብቻ ነው።

የቀኑ ሕግ ከቦታው ይልቅ የረቀቀ ነው። ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች በስተደቡብ ርቆ፣ በቦረና፣ አስመሮም ለገሠ በ1973 ስለ ገዳ ባሳተሙት መጽሐፍ የገለጹት የዘመን አቆጣጠር 12 ወሮችና 27 የቀን ስሞች አሉት። እያንዳንዱ ቀን የራሱ አያና (መንፈስ) አለው፤ ለከብት፣ ለጉዞ፣ ለሥርዓት የሚስማማውና የማይስማማው ተለይቶ ይታወቃል፤ ይህን የሚቆጥሩት ባለሙያዎች አያንቱ ይባላሉ። ወሩ እንደ ጨረቃዋ 29 ወይም 30 ቀን ሲሆን ስሞቹ 27 ብቻ ናቸውና ሁለቱ ዑደቶች አይገጥሙም፤ የወሩ መጀመሪያ በየጊዜው በሌላ ስም ላይ ይውላል።

አዳማ ላይ ጨዋታ የሚያዘጋጅ ሰው ከዚህ አንድ ሙሉ የአስማት ሥርዓት ሊያወጣ ይችላል። ኮታም ነጥብም አያስፈልገውም፤ እያንዳንዱ ታላቅ ድግምት በ27ቱ ከአንዱ ስም ጋር ይታሰራል፤ መሪው ባለ 27 ቤት ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በታሪኩ ውስጥ ቀን ባለፈ ቁጥር ምልክቱን ወደፊት ያራምዳል። ተጫዋቾቹ ወደ ሐይቁ ለመድረስ ሦስት ቀን እንደሚፈጅባቸው ካወቁ ድግምቱ በስንተኛው ቀን እንደሚውል ቆጥረው መነሣት አለባቸው። ቢያረፍዱ መጠበቅ ግድ ነው። በ29 ቀን ወር ውስጥ የሚደገሙት ሁለት ስሞች፣ በ30 ቀን ወር ውስጥ ሦስት ስሞች ብቻ ስለሆኑ በዚያው ወር ሁለተኛ ዕድል የሚያገኘው ድግምቱ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ቀኖች በአንዱ የዋለለት ተጫዋች ነው፤ ሌላው ጨረቃዋ እስክትለወጥ በመንገድ ላይ ይቆያል፤ ስንቁና ጠላቱም በዚያው መጠን ይቆጠሩበታል።